ዶዘሩ ከመነሳቱ በፊት አዲንዳንን እንጠይቅ

ጂፒኤስ የተገጠመለት ዶዘር ኦፕሬተር ችካል አይፈልግም፤ ምላጩ ስንት ሴንቲሜትር መቁረጥ እንዳለበት ስክሪኑ ያሳየዋል። ማሽኑ የማያውቀው ታሪክ ግን አለ።

የህዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ከመጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የዓባይን ተፋሰስ ለክተው ነበር። የልኬቱ መነሻ በግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ፣ አዲንዳን የሚባል ነጥብ ነው። የአገራችን ካርታዎችም ይህንኑ ይዘው ቀጠሉ።

ጂፒኤስ ግን የሚነሳው ከመሬት እምብርት ነው። ስለዚህ እኛ አገር የአንድ ቦታ የሰሜን ቁጥር (በዩቲኤም) በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ዲዛይኑ በአዲንዳን፣ ማሽኑ በጂፒኤስ ከሆነ ዶዘሩ በሴንቲሜትር ጥራት የሰው ማሳ ይቆርጣል!

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠዋት ምላጩን የታወቀ ነጥብ ላይ አሳርፎ፣ ስክሪኑ ያንኑ ቁጥር ማንበቡን ማየት።