የጠብመንጃ አፈ ሙዝ ስፋትና የአደን ሥነ ምግባር በላስታ ደጋ

በኢትዮጵያ ስለ ጠብመንጃ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጦርነት ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ጠብመንጃ ጦር ሜዳ ባልዋለበት ቀን የአውሬ ማደኛ ነበረ። አፈ ሙዙ የጠበበ፥ ጥይቱ የቀጠነ ጠብመንጃ ለሚዳቋና ለድኩላ አደን ይበቃል ወይስ እንስሳውን አቁስሎ ለሥቃይ ይዳርጋል የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር አዳኞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ጥያቄው ለላስታ ደጋም እንግዳ አይደለም፤ በዚያ የራሱ ታሪክና የራሱ ፍርድ አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ የእንስሶቹን ስም መለየት ይገባል። አውሮፓውያን የሚያድኑት፥ ቀንዱ እንደ ዛፍ የሚቀረንፍና በየዓመቱ የሚረግፍ እንስሳ፥ በአፍሪካ ከሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ በቀር በተፈጥሮ አይገኝም። አማርኛ አጋዘን ሲል የሚጠራው ቀንዱ ጠመዝማዛ የሆነውንና ፈጽሞ የማይረግፈውን ነው። በሰሜኑ ደጋ የአዳኝ ዓይን የሚያርፍባቸው ግን ይልቁንም ሚዳቋና ሰስ ናቸው፤ የሁለቱም ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ኪሎ አይበልጥም። ወንድ ድኩላ እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል። ከወልድያ በድልብና በኩልመስክ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገድ፥ እንዲሁም ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፥ የአገሩን ጠባይ ያሳያሉ፤ አገሩ አምባና ገደል ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የቆሰለ እንስሳ ሃምሳ እርምጃ ከሮጠ ወደ ገደል ወርዶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በላስታ የጥይቱ ብቃት የሚመዘነው እንስሳውን በመግደሉ ብቻ ሳይሆን በቶሎ በመጣሉ ጭምር ነው።

ላስታ የጠብመንጃን ዋጋ የተማረው በመራራ መንገድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መሣሪያ ትቶለት ተመለሰ። የዋግና የላስታው ዋግሹም ጎበዜ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም፥ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ በተደረገው ጦርነት በቁጥር እጅግ የሚበልጠው ሠራዊታቸው በካሣ መሣሪያ ተሸነፈ። ድል አድራጊው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር የተማረኩት ብዙ ሺህ የረሚንግተን ጠብመንጃዎች ደግሞ በሰሜኑ አገር ተሰራጩ። ስናድር የሚለው ቃል ከእንግሊዞቹ፥ ውጅግራ የሚለውም ከፈረንሳዮቹ የጠብመንጃ ስም የተገኘ ነው፤ ሁለቱም በአማርኛ ጸንተው ቀርተዋል። ከዚህ አንድ ነገር ይታያል፤ ይኸውም በላስታ አዳኝ እጅ የገባው ጠብመንጃ ለአደን ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ጦርነት ያመጣው ነበረ እንጂ አዳኙ የአፈ ሙዙን ስፋት የሚመርጥበት ገበያ አልነበረውም።

እነዚህ ቀደምት ጠብመንጃዎች ሰፊ አፈ ሙዝ ነበራቸው። ስናድር 14.7፥ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ አወጣች፤ ጣሊያንም በ1891 ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ወረደች። የጣሊያን ወታደር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ በብዛት የታጠቀው ይህንኑ ቀጭኑን ነበረ። ጥይቱ በመቅጠኑ ኃይሉ የተቀነሰ የሚመስለው ሰው ስሌቱን ቢመለከት ይደነቃል። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ሲመዝን በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ኃይሉም 2,500 ጁል ይሆናል። የጣሊያኑ ቀጭን ጥይት 10.5 ግራም ብቻ ሆኖ በሴኮንድ 700 ሜትር ስለሚበርር፥ ኃይሉ ከዚያው ከ2,500 ጁል ፈቀቅ አይልም። እንግዲያውስ ልዩነቱ በኃይል ሳይሆን በጥይቱ አሠራር ነው። የውጅግራው ልስልስ እርሳስ ሥጋ ሲያገኝ ይደፈጠጣል፤ የኋለኛው የጦር ጥይት ግን በሙሉ ጠንካራ ልባስ ስለ ለበሰ፥ ቅርጹን ሳይለውጥ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳው ክፉኛ ቆስሎ ሳለ የሚሮጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የቀደመውን አዳኝ ከዚህ ጉዳት በከፊል የጠበቀው የጥይት ውድነት ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። አንድ ጊዜ መተኮስ ማለት ገንዘብ መበተን ማለት ከሆነ፥ አዳኙ አድብቶ ካልቀረበ በቀር ቃታ አይስብም። ከወረራው በኋላ ጠብመንጃና ጥይት ሲበረክቱ ይህ ልጓም ላልቷል ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለተኛው ልጓም ከሃይማኖት የመጣ ነው። በኦርቶዶክሳዊው ደጋ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ አውሬ ሥጋው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በስመ ሥላሴ ተባርኮ ካልታረደ ይህ ብቻውን አይበቃም። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው። እንግዲህ አዳኙ ጥይቱ የጣለውን እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ማረድ ይኖርበታል። ቆስሎ ሮጦ በማግሥቱ በጥሻ ውስጥ የተገኘ ሚዳቋ ለማንም አይሆንም። ይህ ሥርዓት ስለ እንስሳው ሥቃይ ተብሎ የተደነገገ ባይሆንም፥ በሥራው ግን ወደዚያው ያደርሳል፤ ሩቅ መተኮስን ከንቱ፥ ማቁሰልን ኪሳራ፥ ፈጥኖ መድረስን ግዴታ ያደርጋል።

ለቀጭን ጥይት ደጋፊዎች ዋነኛው ምስክር በዚህችው አገር ያደነ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ዝሆን አዳኝ ዋልተር ቤል (1880–1954 እ.ኤ.አ.) ወደ ጎሬና ወደ ደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ወርዶ አድኗል። በዕድሜው ከገደላቸው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ነበረ። ነገር ግን ምስክርነቱ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ቤል የዝሆንን ራስ ቅል አሠራር መርምሮ አንጎል ያለበትን ስፍራ ጠንቅቆ የሚያውቅ፥ እጅግ የሠለጠነ ተኳሽ ነበረ። የእርሱ ታሪክ የሚያስረዳው የሠለጠነ እጅ በቀጭን ጥይት ሊገድል እንደሚችል ነው፤ ቀጭን ጥይት ለማንኛውም እጅ እንደሚበቃ ግን አያስረዳም።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር በሕግ ወደ ልክ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው ሥጋ ውስጥ የሚደፈጠጥ ጥይት በጦርነት እንዳይሠራበት ከለከሉ። የእንግሊዝ አገር የ1991 ሕግ ደግሞ ለዋላ አደን የሚተኮሰው ጥይት የግድ የሚደፈጠጥ እንዲሆን ያዛል። ሁለቱ ሕጎች እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ያለ ፍሬ ሥቃይ እንዳይበዛ። በጦርነት የሚፈለገው ጠላትን ከውጊያ ማውጣት ስለ ሆነ ጠባቡ ቁስል ይበቃል፤ በአደን የሚፈለገው ፈጣን ሞት ስለ ሆነ አይበቃም። ይኸው የእንግሊዝ ሕግ ለዋላ በጠቅላላው ከ6.1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ አፈ ሙዝና ከ2,300 ጁል ያላነሰ ኃይል ሲወስን፥ ክብደታቸው ከእኛ ሚዳቋ ጋር ለሚቀራረብ ለትንንሾቹ ዝርያዎች 5.6 ሚሊ ሜትርና 1,350 ጁል ያህል ፈቅዷል። በአንጻሩ ለዒላማ ልምምድ የሚያገለግለው ትንሹ ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ኃይሉ ከ200 ጁል በታች ስለ ሆነ፥ ስፋቱ ቢተካከልም በዚህ መመዘኛ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። ጠባብ አፈ ሙዝ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሰፊ አፈ ሙዝም በራሱ ምሕረት አይደለም። ለሚዳቋና ለሰስ ቀጭን ጥይት ሊበቃ ይችላል፤ ኃይሉ የተመጠነ፥ ጥይቱ የሚደፈጠጥ፥ ርቀቱም ተኳሹ የልብና የሳንባን ቦታ ለይቶ የሚመታበት ከሆነ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግን አደኑ ማቁሰል ብቻ ይሆናል። በላስታ የተገኘው ጠብመንጃ ከጦር ሜዳ የተረፈ፥ ጥይቱም ለሰው የተቀመመ ስለ ነበረ፥ የጎደለውን ይሞላ የነበረው የአዳኙ ቅርበትና የማረጃ ቢላዋው ነው።

ዛሬ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የአራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 61፥ በኋላም የ2007ቱ ዐዋጅ ቁጥር 541 አደንን ከፈቃድ በታች አውለውታል። በአቡነ ዮሴፍም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ተራራ በኅብረተሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ የትኛው ጥይት ይበቃል ከሚለው ጥያቄ በፊት፥ መተኮስ ይገባል ወይ የሚለው ይቀድማል። ይህም ቢሆን የቀደመው ልማድ ትምህርቱ አልጠፋም፤ ነፍስ የሚያጠፋ ሰው በሠራው ሥራ ፍጻሜ ላይ በእጁና በዓይኑ መገኘት አለበት። በክትን የሚጸየፈው የደጋ ሰው ይህን ያወቀው ስለ ጁልና ስለ ሚሊ ሜትር ከመነገሩ አስቀድሞ ነው።