የቤያትሪቼ ቼንቺ ጉዳይ በፍርድ መዝገብና በኪነ ጥበብ ሚዛን

ወላጅን መግደል በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከወንጀሎች ሁሉ የከፋ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ አባቷን አስገድላለች ተብላ በሮም አደባባይ አንገቷ የተቀላው የቤያትሪቼ ቼንቺ ስም፣ ከ4 መቶ ዓመታት በኋላም የሚነሣው በርግማን ሳይሆን በሐዘኔታ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት የፍርዱን ታሪክና የኪነ ጥበብን ምስክርነት ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ ሀብት የመነጨው ከጳጳሱ መንግሥት ግምጃ ቤት ነበር። የፍራንቼስኮ ቼንቺ አባት በግምጃ ቤቱ ሹመት ላይ ሳለ ያካበተውን ሀብት ለልጁ አወረሰው። ፍራንቼስኮም ወንጀል በሠራ ቁጥር ቅጣቱን በወርቅ የመዋጀት ልማድ ነበረው፤ በ1594 በግብረ ሰዶም ተከሶ 100,000 ስኩዲ በመክፈል አመለጠ። በ1595 ሁለተኛ ሚስቱን ሉክሬዚያ ፔትሮኒንና ልጁን ቤያትሪቼን ወስዶ፣ በኔፕልስ መንግሥት ግዛት በሚገኘው በላ ፔትሬላ ግንብ ውስጥ ዘጋባቸው። ልጅቱም በዚያ በግርፋትና በግዞት ኖረች።

መስከረም 9 ቀን 1598፣ ፍራንቼስኮ በተኛበት በመዶሻ ተመትቶ ተገደለ። በሤራው ውስጥ ሚስቱ፣ ቤያትሪቼ፣ ታላቅ ወንድሟ ጃኮሞ፣ የግንቡ ጠባቂ የነበረው ኦሊምፒዮ ካልቬቲና አንድ ግብረ አበሩ ነበሩበት። ሬሳውም ከሰገነት ወድቆ የሞተ እንዲመስል ወደ ታች ተወረወረ። ነገር ግን ቁስሉ ከመውደቅ የመጣ አልመሰለም፤ በደም የተነከረውም አንሶላ ምስጢሩን አጋለጠ።

በምርመራው ጊዜ ተከሳሾቹ የፊጥኝ ታስረው በገመድ ወደ ላይ ተጎተቱ። እውነቱ የወጣው በእንዲህ ያለ ስቃይ በመሆኑ የመዝገቡን ቃል ሁሉ በጥንቃቄ ማንበብ ግድ ይላል። ስመ ጥሩው የሕግ ሊቅ ፕሮስፔሮ ፋሪናቺ፣ አባቷ ክብረ ንጽሕናዋን ደፍሯል በማለት ተከራከረላት፤ ይህን ግን በማስረጃ ለማጽናት አልቻለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 8ኛ ምሕረትን ነፈጉ። መስከረም 11 ቀን 1599 በሳንታንጄሎ ድልድይ ፊት ሉክሬዚያና የ22 ዓመቷ ቤያትሪቼ አንገታቸው ተቀላ፤ ጃኮሞም ሥጋው በጋለ ጉጠት ከተቦጨቀ በኋላ ተገደለ። ገና ልጅ የነበረው በርናርዶ የወገኖቹን ሞት ቆሞ እንዲያይ ተፈረደበት። የቤተሰቡም ንብረት ተወረሰ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በጸሐፍትና በሠዓልያን እጅ ገባ። ሼሊ በ1819 ተውኔት ጻፈበት፤ ስታንዳል በ1837 ተረከው። ሼሊ ስለ ዘመድ ግንኙነት በማንሣቱ ሥራው በዘመኑ መድረክ ተነፍጎት፣ በ1886 በለንደን ለተጋበዙ ተመልካቾች ብቻ ታየ። ሻሽ የጠመጠመች፣ ወደ ኋላዋ ዞራ የምትመለከት ወጣት ሥዕልም ጊዶ ሬኒ በሞቷ ዋዜማ የሣላት ቤያትሪቼ ናት ተብሎ ብዙዎችን አስለቅሷል። ዳሩ ግን ሬኒ ሮም የገባው ከሞቷ በኋላ በመሆኑ፣ ይህ እምነት በታሪክ ፊት ሊጸና አይችልም።

ስለዚህ ኪነ ጥበብ መልኳን ፈጥሮላታል ማለት ይቻላል፤ በደሏን ግን አልፈጠረውም። ሐዘኔታችን ግድያው በታሰበበት ሤራ የተፈጸመ መሆኑን ሊያስረሳን አይገባም። በአንጻሩም፣ አባቲቱን የቀጣው ሕግ ቀድሞ የልጅቱን ጩኸት ለመስማት ጆሮ እንዳልነበረው መዘንጋት አይቻልም ቢባል አባባሉ ይገለበጣል፤ እውነቱ ይህ ነው፦ አባትየውን በገንዘብ የለቀቀው ሕግ፣ ልጅቱን በሰይፍ ቀጣ። የሮም ማዘጋጃ ቤት በ1999፣ ወደ መሰቀያዋ በወጣችበት ወህኒ ቤት ስፍራ የመታሰቢያ ሰሌዳ ማቆሙም ሕዝቡ ይህን ሚዛን እንዳልረሳው ያስረዳል። ፍትሕ ለሚከፍል ተሸጦ ለማይከፍል ሲነፈግ፣ ቤት ውስጥ የታፈነ በደል በደም መውጫ ይፈልጋል።