ኪብ (የዶስ ትዕዛዝ)

ኪብ በዶስ ስርዓተ ክወና የሚሠሩ የቆዩ የግል ኮምፒውተሮች ከአሜሪካው የተለየ የፊደል አቀማመጥ ያለውን የቁልፍ ሰሌዳ (ኪቦርድ) በትክክል እንዲያነቡ የሚያደርግ ትዕዛዝ ነው።

አሠራር

የቁልፍ ሰሌዳው ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የተጫነውን ቁልፍ ቦታ የሚያመለክት ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ሶፍትዌር ነው። ዶስ በራሱ የሚከተለው የአሜሪካውን አቀማመጥ ስለሆነ በጀርመን ሰሌዳ «ዜድ»ን የተጫነ ሰው «ዋይ»ን ያገኛል፤ በፈረንሳይ ሰሌዳ ደግሞ «ኤ» እና «ኪው» ይቀያየራሉ። ኪብ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ቁጥሮቹን በአገሩ አቀማመጥ ይተረጉማል።

አጠቃቀም

እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ዶስ 3.0 ለየአገሩ የተለያየ ፕሮግራም ነበር። በ1987 ከወጣው ዶስ 3.3 ጀምሮ ግን አንድ ትዕዛዝ የሁሉንም አቀማመጥ ከአንድ ፋይል ያነብባል። ተጠቃሚው ከትዕዛዙ ቀጥሎ የአገሩን ባለሁለት ፊደል ምልክት ይጽፋል። መስመሩ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚነበበው የአውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ ከገባ በየጊዜው መጻፍ አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ1 አብረው ሲጫኑ ወደ አሜሪካው አቀማመጥ ይመልሳሉ፤ በኤፍ1 ፈንታ ኤፍ2 ከሆነ ወደ አገሩ።

ውሱንነት

ኪብ ከመነሣቱ በፊት የሚጻፈው ሁሉ በአሜሪካው አቀማመጥ ይነበባል። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛው ዶስ 6 ሲነሣ ለሚያቀርበው ጥያቄ በ«ዋይ» «አዎ» ለማለት በጀርመን ሰሌዳ የሚጫኑት «ዜድ» የተጻፈበትን ቁልፍ ነው። ኪብ አዲስ ፊደልም አይፈጥርም፤ ለፖርቱጋልኛ የሚያስፈልጉ አንዳንድ ፊደላት በኮድ ገጽ 437 ስለሌሉ ወደ ኮድ ገጽ 850 መቀየር ያስፈልጋል።