ሶፍትዌሩ ሲቀር ፎቶው ምን ይሆናል?

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ለቡ ጣቢያ ላይ ተመረቀ። ያን ቀን በ«ሮው» ፎቶ ያነሳ ሰው ጥሬ ፋይሎቹ ዛሬም በእጁ ይኖሩ ይሆናል። ግን የቱ ፎቶ የማን እንደሆነ፣ ቀለሙንስ እንዴት እንዳስተካከለው አሁን ማየት ይችላል? ይሄ የሚወሰነው በካሜራው ሳይሆን በመረጠው ሶፍትዌር ነው።

ሮው ፋይል ገና ፎቶ አይደለም፤ ሴንሰሩ የለካው የብርሃን መጠን ነው። የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ባገኘበት ዘዴ እያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ይለካል፦ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። የጎደለውን ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል። ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 የብርሃን ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ጄፔግ ለአንድ ቀለም ያለው 256 ብቻ ነው። ጥላ ውስጥ የጠቆረ ፊት ከሮው በደንብ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 አፐርቸርን፣ አዶቢ በ2007 ላይትሩምን አወጡ። ሁለቱም ጥሬውን ፋይል አይነኩም፤ «ብርሃን ጨምር፣ ጠርዙን ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ በራሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ። አሪፍ ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ትእዛዙን በትክክል የሚረዳው ያው ሶፍትዌር መሆኑ ነው። በ2014 አፕል አፐርቸርን እንደሚተው አስታወቀ። በ2017 ደግሞ አዶቢ አዲሱን ላይትሩም በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ብቻ አደረገው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለሌለው የለቡ ወጣት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፊልም ዘመን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን አነሳ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸውም ይዘቱን እየዘረዘሩ ካታሎግ አሳተሙ። ተመራማሪዎች ዛሬም መጻሕፍቱን በእነዚያ ቁጥሮች ይጠቅሳሉ። ለምን? ምክንያቱም ካታሎጉን ለማንበብ የፊልም መሣሪያው አያስፈልግም።

ታዲያ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የጻፍኩትን ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል ወይ?» ነው። ከ2009 ጀምሮ ያለው ዳርክቴብል በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን «ኤክስኤምፒ» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ላይትሩምም ምርጫውን ካበራችሁለት እንዲሁ ያደርጋል። በዚያ ፋይል ውስጥ ያለውን መግለጫና የኮከብ ደረጃ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያነቡታል። የቀለም ማስተካከያው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በትክክል አይሻገርም፤ ስለዚህ የምትወዷቸውን ፎቶዎች ካስተካከላችሁ በኋላ በጄፔግ ወይም በቲፍም አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ሺህ ፎቶ ከማስገባታችሁ በፊት በአሥሩ ሞክሩ። ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉባቸው፤ ከጎናቸው ካሉት ትንንሽ ፋይሎች ጋር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጡና በሌላ ፕሮግራም ክፈቷቸው። የጻፋችሁት ካልታየ ሌላ ሶፍትዌር ፈልጉ።