«ኮንታክት» የሚለው ቃል በጋራዥና በመጽሐፍ

የመጀመሪያው መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ የመኪና ክፍሎች በሰፊው ስም ያገኙት ከጣሊያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.) ወዲህ ለመሆኑ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ የጣሊያንኛ ተወላጆች ናቸው። ከአገር በቀሉ ወገን ጸንቶ የቆመው «መሪ» ነው። በኋላ ኤሌክትሮኒክሱ ሲመጣ ፊውዝ፣ ሴንሰርና ሶሌኖይድ ከእንግሊዝኛ ተከተሉ።

እነዚህ ቃላት ባዕድ ስለሆኑ ብቻ የሚነቀፉ አይደሉም። አንዳንዶቹ ግን ከዕቃው ጋር አብረው አልተለወጡም። አውቶማቲክ መኪና «ፍሪሲዮን የለውም» ይባላል፤ በእግር የሚረገጠው የለም ማለት ከሆነ እውነት ነው፤ በካምቢዮው ውስጥ ግን በዘይት ግፊት የሚሠሩ በርካታ የፍሪሲዮን ሸራዎች አሉ። ይህ ስሕተት አንባቢን ግር ከማሰኘት አያልፍም። ገንዘብ የሚያስከፍለው ሌላው ቃል ነው።

«ኮንታክት» በተወለደበት ቋንቋ መነካካት ማለት ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ሙያ መልካም ነገር ነው፤ ኮረንቲ እንዲያልፍ ሁለት ብረቶች በሚገባ መነካካት አለባቸው። በአማርኛ ግን መነካካት የማይገባቸው ሽቦዎች ተነካክተው የሚያስከትሉት ብልሽት ስም ሆኗል። «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት የተነሣ እሳት» የሚለውን ዜና ያልሰማ የለም። ቃሉ ፊቱን አዙሯል ማለት ነው።

ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች በሚገናኙባት በወላይታ ሶዶ አንድ አውቶማቲክ መኪና ከጋራዥ ደጃፍ ቆሟል እንበል። ባለቤቱ «ማርሽ አይቀይርም፤ ከሁምቦ ሽቅብ አልወጣ አለኝ» ይላል። ኮምፒውተሩ ጉድለት ሲያገኝ ካምቢዮውን ለመጠበቅ በአንድ ማርሽ ላይ ይገታዋል፤ ስለዚህ መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል። መመርመሪያው ፒ 0750 የሚል ቁጥር ቢያወጣ፣ ቁጥሩ የሚጠቁመው የአንደኛውን ማርሽ ቀያሪ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኮረንቲ የሚታዘዘውን የዘይት መክፈቻና መዝጊያ፣ ከነሽቦው ነው እንጂ ዕቃው መቃጠሉን አይደለም። ባለሙያው ሶኬቱን ነቅሎ ይለካል። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ጤነኛ ሶሌኖይድ ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያል። ልኬቱ ወሰን የለሽ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ኮንታክት ነው። ልኬቱ ደኅና ሆኖ ብልሽቱ መኪናው ሲንገጫገጭ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዛገ ወይም የላላ የሶኬት እግር ነው።

የጥገና መጽሐፉ ይህን የመጨረሻውን «ደካማ ኮንታክት» ይለዋል። ተርጓሚው ቃል በቃል ካስገባው አንባቢው መጠነኛ ኮንታክት፣ ማለትም የተነካካ ሽቦ፣ አድርጎ ይረዳዋል። በጨርቅና በፒንሳ የሚያልቀው ሥራ ካምቢዮ እስከ ማውረድ ይደርሳል።

በሶዶ ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ የጋራዡ ቃል አማርኛ፣ የብዙው ተለማማጅ የቤት ቋንቋ ወላይትኛ ነው፤ የአማርኛው ስሕተት ሳይታረም ወደ ሦስተኛው ቋንቋ ይሻገራል። ከተማይቱም ከላይ በወረደ ቃል የደረሰባትን አትረሳም፤ «ወጋጎዳ» በተባለው የተቀላቀለ ቋንቋ የተዘጋጁት የመማሪያ መጻሕፍት በ1992 ዓ. ም. የሰው ሕይወት የጠፋበትን ተቃውሞ አስነሥተዋል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር በክብደት አይወዳደርም፤ ሆኖም ከተናጋሪው አፍ ቃል ነጥቆ ሌላ መተካት ምን እንደሚመስል ያስታውሰናል።

በዚህ ምክንያት በበኩላችን «ኮንታክት» ከጋራዡ ይውጣ አንልም። መዝገበ ቃላቱ «የሽቦዎች ያለ ቦታቸው መነካካት» የሚለውን ፍች ቀዳሚ ያድርገው። የመጽሐፉ «ደካማ ኮንታክት» ግን «የላላ መጋጠሚያ» ወይም እንደ አገባቡ «የዛገ መጋጠሚያ» ተብሎ ይተርጐም። «ሶሌኖይድ» እንዳለ ይቆይ፤ እስካሁን ማንንም አላሳሳተም።