ጦሩ ሐኪም ባጣ ጊዜ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ሠራዊታችን የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ እንደነበረ ሁሉ፣ ሲቆስልም ብዙ ጊዜ የምታስታምመው ተከትላው የዘመተችው ሴት ነበረች። ክፍተቱን ለመሙላት በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲቪል ሐኪሞችንና በጎ ፈቃደኞችን ወደ ግንባር ላከ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የነበሩበት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጅ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተማሩ። ከነጻነት በኋላ ግን ብዙም ሳይሠሩ በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ፤ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስትም በአገሯ መዋጮ አሰባሰበችለት። ነርሶች የሠለጠኑበት ይህ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ለሕዝብ ተብሎ በመዋጮ የተሠራው ቤት ወታደሩንም አስታመመ።

ልዕልቲቱን ታሪክ ያስታውሳቸዋል። አብረዋቸው ፋሻ ያዘጋጁትን ሴቶች ግን ዛሬ በስም የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። እኅቶች፣ ትንሿንም መዋጮ ከነባለቤቷ ስም መዝገባችን ላይ እንጻፍ።