ቡና ቆዪዋና ቡና አብቃዩ

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ቡና የማይቆላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ክርስቲያኑ ቤት ቡናን የለመደው ግን ከብዙ ዘመን በፊት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የእስላም መጠጥ ነው ብላ ስለከለከለችው፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በከተማችን ቡና ጠጪ የሚባለው በተለይ የአዲስ ዓለም ሰው ነበር። ሰፈሩ ራሱ የመለያየት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ርስት የተነፈጉት እነዚህ ቤተሰቦች በሽመናና በንግድ አደሩ፤ ቡናንም ከሩቅ ያመጡልን እነሱ ናቸው።

የጎንደር ሲራራ ነጋዴዎች ጎጃምን አቋርጠው፣ ባሶ ገበያ አርፈው፣ ዓባይን ተሻግረው እስከ ሊሙ እናርያ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ያሳዝናል፣ ባሮችም ጭምር ይዘው ወደ ምጽዋ ያቀኑ ነበር። ይህ የአንድ ዓመት ጉዳይ አልነበረም፤ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ደንበኝነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 እናርያን የገዙት አባ ባጊቦ ነጋዴን በክብር ይቀበሉ ነበር፤ ግን ሳቃ ገበያ ላይ ያቆሙታል እንጂ ወደ ከፋ አያሳልፉትም። ጥቅሙ ያለው መሐል ላይ መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር።

ቅርባችን ያለው የዘጌ ታሪክም የሚያኮራ ብቻ አይደለም። በጣና ዳር በገዳማቱ ዙሪያ ያለው የቡና ጫካ እስከ ዛሬ የቆየው በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ነው ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ቡናውን የሚለቅሙት ባሮች ነበሩ። የዘጌ ቡና ሲወደስ የለቃሚዎቹ ነገር ብዙ ጊዜ አይነሳም።

በእኛ ዘመን ወደ ተፈጸመው እንምጣ። ጥሩ ቡና የሚፈልጉ የውጭ ቆዪዎች ቡናው ከየትኛው መንደር፣ ከማን እጅ እንደመጣ ማወቅ፣ በየዓመቱም ከዚያው ሰው መግዛት ፈለጉ። በ1991 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ያሉ ማኅበራት ይህን በር ከፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ግን የቡና ግብይት ወደ ምርት ገበያ ገባ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ሲከማች የገበሬው ስም ጠፋ። በእውነቱ ከሆነ ጥቅም ነበረው፤ ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኝ ጀመር፤ እምነት አጉዳይም ቀነሰ። ዩኒየኖችና ትልልቅ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ለሌላው ገበሬ በሩ ሰፋ ያለው በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ነው።

በ2012 ዓ.ም. በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ደስ ብሎናል፤ ግን ጨረታ ነው፤ ደንበኝነት አይደለም። ደንበኝነት ዝናብ ባጠረበት ዓመት ይፈተናል።

እኛስ? ጀበና ቡና ሸጠን የምናድር አባላት ቆዪዎች ነን። ምጣዱ በእጃችን ነው። ቡናውን ግን ከነጋዴ በኪሎ እንገዛለን፤ ከዘጌ ይሁን ከወለጋ ነጋዴው ያለውን እናምናለን፤ ካልጣመን ሌላ ነጋዴ ጋ እንሄዳለን። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን ከአንድ የገበሬዎች ማኅበር በየዓመቱ የመግዛት ሐሳብ ቀርቧል። ችግሩ ወቅቱ ነው። ገበሬው ብር የሚቸግረው ቡናው ሳይደርስ፣ በክረምት ነው፤ ያኔ ነው ነጋዴው በርካሽ የሚይዘው። የእኛም ሣጥን የሚራቆተው ያኔ ነው፤ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ ስንበደር። ቅድሚያ ክፍያው ከየት ይምጣ የሚለውን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዘነዋል።